ለማፍጠሪያ የተቀመጠ ወተት

እኛ ሰፈር የልጅ ጥርስ ያላረፈበት ጣሪያ አልነበረም። የወተት ጥርሱ የተነቃነቀበት ልጅ በምላሱ ሲገፋው፣ በጣቱ ሲያወዛውዘው ይሰነብትና አንድ ቀን እንጀራ ሲጎርስ ወይም ከጓደኛው ጋር ሲታገል ወለቅ ይልለታል። ያን ጊዜ ደጅ ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ ይወረውረዋል። ጥርሱ ቆርቆሮውን መትቶ ሲንከባለል ይሰማል፤ ትልልቆቹ «አይዞህ፣ ነጩ ይመጣልሃል» ይላሉ፤ ብዙም ሳይቆይ እውነትም ይመጣል። የወደቀ ጥርስ ይተካል ብለን ነው ያደግነው። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ልክ ነው። የታናሽ ወንድሜ የላይኛው የፊት ጥርስ የወለቀው ግን በዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያውም ተነቃንቆ ሳይሆን ተመትቶ።

ጊዜው 1985 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለገቡ ጉለሌ፣ እኛ ሰፈር፣ ጠዋት ቁርስ የሚቀርብበት ቤት ጥቂት ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ነው። እናታችን ማልዳ ለቅሶ ልትደርስ ወጥታለች፤ እኔ በረንዳው ላይ ምስር እለቅማለሁ፤ ወንድሜ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ሜዳ ኳስ ይጫወታል። እሱና ከታች ሰፈር የመጣ አንድ ልጅ ኳሷን በቴስታ ለመምታት እኩል ሲዘሉ የልጁ ግንባር የወንድሜን አፍ አገኘው። ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው። እኔ ያየሁት ልጆች ከበውት ሲመጣ ነው፤ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጭኗል፣ ደሙ በጣቶቹ መሃል አልፎ ወደ ክርኑ ይወርዳል። እጁን ሲያነሣ የላይኛው ከንፈሩ አብጧል። ከሁለቱ የፊት ጥርሶቹ የግራው የለም፤ በቦታው ደም የሞላበት ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው።

ሰው ወዲያው ተሰበሰበ። አንዱ የቡና ዱቄት ይነስነስበት ይላል፤ ሌላው ውሃ አምጡለት ይላል። አንዲት በጣም የምንወዳቸው አሮጊት ጎረቤታችን አቅፈው «ምን ያስለቅስሃል ልጄ፣ ጣሪያ ላይ ወርውረው፣ ነጩን ታገኛለህ» አሉት። ሊያጽናኑት ነው። እሱ ደግሞ ነጩ ጥርሱ የወለቀው ራሱ መሆኑን ያውቅ ነበርና ይበልጥ አለቀሰ።

ግቢያችን ውስጥ ባለ አንድ ክፍል የምትኖር ነርስ ነበረች። ስሟን የሚጠራ አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ሲስተር» ነው የሚላት። አዳር ሠርታ ገብታ ተኝታ ነበር። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣችና ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ወንድሜ አጠገብ ተንበረከከች። መጀመሪያ ጥርሱን አላየችም። ደሙን እንዳይውጠው አንገቱን ወደ ፊት አስደፍታ፣ ስሙን ጠየቀችው። ቀኑን ጠየቀችው። «ስንት ለስንት ነበራችሁ?» አለችው፤ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል «ሁለት ለአንድ እየመራን» አላት። ራስህን ስተህ ነበር ወይ፣ አቅለሽልሾሃል ወይ አለችው። አገጩን ከጆሮው ሥር ጀምራ በጣቶቿ ዳሰሰች፤ «እስቲ ግጠም» ብላ የላይኛውና የታችኛው ጥርሱ እንደ ድሮው መገናኘቱን አየች። ከዚያ ንጹሕ መሐረብ አጥፋ አስነከሰችውና ቀና ብላ ጠየቀችን፦

«ጥርሱ የት አለ?»

ያን ያህል ሰው ቆሞ ይህን የጠየቀ አልነበረም። ልጆቹ ወደ ሜዳው መሮጥ ሲጀምሩ ጮክ ብላ አስቆመቻቸው። «ያገኘ ሰው በነጩ በኩል ይያዝ! በሥሩ በኩል እንዳትነኩት! በልብሳችሁ እንዳትጠርጉት!» የዛሬ ልጆች ትምህርት ቤት ሊማሩት የሚገባው ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

ያገኘው የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው። በሁለት ጣቱ ይዞ ሲያመጣው እኔ ተቀበልኩት፤ ጥርስ ሙሉውን ያየሁት ያን ቀን ነው። አፍ ውስጥ የምናየው ነጭ ክፍል ትንሹ ነው። ከሥሩ ያለው ክፍል ከእሱ ይረዝማል፤ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ላዩ ላይ እርጥብ፣ ስስ፣ ሮዝ የሚመስል ሽፋን ተለጥፎበታል፤ እዚህም እዚያም አቧራ ይዞታል። ጫፉ ደግሞ ሹል አልነበረም፤ ክፍት ነበር። ሲስተር ያንን ክፍት ጫፍ አሳየችኝና «አየሽ፣ ገና አላለቀም፣ እያደገ ነው» አለችኝ። ያ ስስ ሽፋን ምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም። አሁን ሳውቀው ነገሩ ሁሉ እሱ ነው።

«ወተት አምጪልኝ» አለችኝ።

«ሲስተር፣ ጾም እኮ ነው። ቤት ወተት የለም።»

አጥሩን ተሻግሮ፣ እኛ ልጆቹ «እቴቴ» የምንላት ሙስሊም ጎረቤታችን ነበረች። እሷም ጾመኛ ናት፤ ግን ለማፍጠሪያ ጠዋት የገዛችውን ወተት አፍልታ አቀዝቅዛ አስቀምጣለች። ጩኸቱን ሰምታ በሩ ላይ ቆማ ስለነበር ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቀኝ በትልቅ የሻይ ብርጭቆ ሞልታ ሰጠችኝ። ሲስተር የጥርሱን አቧራ በጥቂት ወተት ለቅለቅ አደረገችው፤ አልፈገፈገችውም። ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ ከተተችውና በሳህን ከድና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «እንዳታፈሺው። አሁን ፒያሳ እንሂድ።»

ዛሬ ያሉት መመሪያዎች ከተቻለ ጥርሱን እዚያው፣ አደጋው በደረሰበት ቦታ፣ ወደ ጉድጓዱ መልሱት ይላሉ። ልጁ ረጋ ካለና ቋሚ ጥርስ መሆኑ ከታወቀ፣ በነጩ በኩል ይዞ፣ ለአጭር ጊዜ በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ፣ በቦታው ቀስ አድርጎ ማስገባትና ንጹሕ ጨርቅ አስነክሶ ሐኪም ዘንድ መድረስ ከሁሉም የሚሻለው ነው። ወንድሜ ያን ቀን ማንንም አፉን ሊያስነካ አልፈለገም፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲስተር አላስገደደችውም። ወተቱ ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ በጣም ጥሩ ሁለተኛ ምርጫ።

ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ወረድን። እኔ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ ሾፌሩ ጉድጓድ በደረሰ ቁጥር ወተቱ ከሳህኑ ሥር ይላል። እናቴን መንገድ ላይ አገኘናት። ደሙን ስታይ እጇ ወደ ራሷ ሄደ፤ ሲስተር ክንዷን ያዘችና «እታለም፣ ልጁ አንቺን ነው የሚያየው» አለቻት። እናቴ እጇን አወረደች። ከዚያ በኋላ ያሰማችው ድምፅ አልነበረም።

ሐኪሙ ሩሲያ ተምሮ የመጣ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ነበር የሚሠራው። መጀመሪያ የጠየቀው ጥርሱ ስንት ደቂቃ መሬት ላይ እንደቆየ፣ ከዚያ በኋላ ምን ውስጥ እንደነበረ ነው። ድዱን በመርፌ አደነዘዘው፤ ጉድጓዱን በጨው ውሃ አጠበው፤ ሌላ የተሰበረ ነገር እንዳለ ለማየት ራጅ አነሣው። ጥርሱን በመቆንጠጫ ከወተቱ አውጥቶ በመርፌ በሚረጭ ንጹሕ ሳላይን ላዩን አጠበ፤ ሥሩን ሳይነካ። አውራ ጣቱን ነጩ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ሲገፋው፣ ጥርሱ እንደመቋቋም ብሎ ከዚያ ገባ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ የእኔን እጅ ይጨምቃል።

ሽቦውን ሊያስር ሲል እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«ዶክተር፣ ፍንጭቱ እንዳይጠፋ።»

ሐኪሙ ቀና አለ። እናቴ ማብራራት አልቻለችም፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። ፍንጭቱ የአባታችን ነው። አባታችን ወደ ሰሜን ዘምቶ ከግንባር አልተመለሰም። ቤታችን የቀረችው አንዲት ፎቶግራፉ ስትሆን እሷም የወታደር ፎቶ ስለሆነች ከንፈሩን ገጥሞ ነው የተነሣው። ሲስቅ ምን ይመስል እንደነበር ማየት የፈለገ ሰው ወንድሜን ነበር የሚያየው። ሐኪሙ ምንም አላለም። ቀኝ ያለውን ጥርስ አየ፣ ወንድሜን አፉን አስገጠመው፣ እናቴን «ይህን ያህል ነበር?» ብሎ በመሣሪያው ጫፍ አሳያት። «ጥቂት ሰፋ ይላል» አለች። ጥቂት አሰፋው። እንደገና ጠየቃት። ራሷን ስትነቀንቅለት ነው ቀጭኗን ሽቦ በሁለቱ የፊት ጥርሶችና በጎረቤቶቻቸው ላይ በጥርስ ሙጫ ያጣበቀው። ሙጫውን ሲያደርቅ እናቴ ወደ ግድግዳው ዞረች።

የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ አዘዘለት፤ ጥርሱ አፈር ላይ ስለወደቀም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ጠየቀና ማጠናከሪያውን አስወጋው። ሽቦዋ ሁለት ሳምንት ትቆይ አለ። ሽቦው ድርቅ ያለ እንዳይሆን ሆን ብሎ ቀጭኑን እንደመረጠ፣ ጥርሱ ጥቂት ጥቂት መንቀሳቀስ እንዳለበትም አስረዳን፤ ሙሉ በሙሉ ታስሮ የቆመ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር ሊጋጠም ይችላል።

እነዚያ ሳምንታት የምግብ ጦርነት ነበሩ። ሸንኮራ በጥርሱ መላጥ ለሚወድ ልጅ፣ ቆሎ በኪሱ ይዞ ለሚዞር ልጅ፣ የለስላሳ ቆርኪ በጥርሱ የሚከፍት መሆኑን ለሚያሳይ ልጅ፣ አጥሚትና የራሰ ፍትፍት ቅጣት ነው። መፋቂያው ቀረ፤ ለስላሳ ብሩሽ ተገዛለት፤ ከበላ በኋላ አፉን ይጉመጠመጣል። እናቴ የንስሐ አባታችንን ጠይቃ «የታመመ ልጅ ምን ጾም አለበት» ስላሏት እንቁላሉም ወተቱም ተፈቀደለት። እቴቴ እስከ ኢድ ድረስ ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ትልክ ነበር።

ሌሊቱ ግን ከባድ ነበር። ተኝቶ ጥርሱን የሚውጠው ይመስለዋል። እኔ አጠገቡ ነበር የምተኛው። በጨለማ ይነካኝና «አለ?» ይለኛል። ባትሪ አብርቼ አፉን እያየሁ «አለ» እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ ራሱ በምላሱ ነክቶ ማወቅ ይችል ነበር፤ ሐኪሙ አትነካካው ስላለው ግን ምላሱን ሰብስቦ ይጠብቀኛል። ሰዎች በልጅ ላይ ስለደረሰ የጥርስ አደጋ ሲያወሩ ስለ ደሙና ስለ ብሩ ነው የሚያወሩት። ልጁ ግን አካሉ ቁራጭ በቁራጭ ሊወድቅ እንደሚችል ያወቀው ያን ቀን ነው። ይህን ፍርሃት የሚያስታግሰው ደጋግሞ አይቶ «አለ» የሚለው ሰው ነው።

በጥርሱ ሥር ላይ ያየሁት ሮዝ ሽፋን ምን እንደሆነ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ፣ አንብቤ ነው። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር አልተመታም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል የተዘረጉ ቃጫ የሚመስሉ ጅማቶችና በሕይወት ያሉ ሴሎች አሉ፤ ጥርሱን አንጠልጥለው የያዙት እነሱ ናቸው። ጥርስ ሲወልቅ ይህ ሽፋን ይቀደዳል፤ ግማሹ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ ግማሹ ከሥሩ ጋር ይወጣል። አየር ላይ ሲደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1966 የንስ ኦቬ አንድሪያሰን የተባለው ዴንማርካዊ ሐኪም ከባልደረባው ጋር ሆኖ፣ ወልቀው የተመለሱ 110 የሰው ጥርሶችን ተከታትሎ ያገኘውን አሳተመ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሱት 90 በመቶው ሥራቸው አልተበላም። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ከቆዩት ግን 95 በመቶው ተበልቷል። ይህን ሳነብ የታክሲያችን ሾፌር ትዝ አለኝ፤ ፌርማታ ሳይቆም ነበር የነዳው።

የወተቱን ነገር ያጠኑት ደግሞ ስዊድናውያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ። ወተት የጨውና የፈሳሽ መጠኑ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ስለሚቀራረብ ሴሎቹን አያፈነዳም፣ አያደርቅም፤ ለሰዓታት ያቆያቸዋል። ተራ ውሃ ግን ሴሎቹ ውስጥ እየገባ ያፈነዳቸዋል። ለማለቅለቅ ይሆናል፤ ለማስቀመጥ አይሆንም። ሌላ ምንም ከሌለ ግን ከመድረቅ ውሃውም ይሻላል።

ሐኪሙ ወንድሜን ለዓመታት ተከታተለው፤ መጀመሪያ በሳምንታት፣ ከዚያ በወራት፣ በኋላ በዓመት አንዴ። በሄድን ቁጥር የሚያደርገው አንድ ነገር ይማርከኝ ነበር። በመስተዋቱ እጀታ ቀኙን ጥርስ ኳ ያደርጋል፤ ከዚያ ግራውን ኳ ያደርጋል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ጤነኛው ጥርስ የታፈነ ድምፅ አለው፤ ከአጥንት ጋር የተጋጠመ ጥርስ ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰጣል። «እስቲ አንቺም ስሚ» ብሎ አንድ ጊዜ አስጠግቶኛል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ።

ራጁም ላይ የጥርሱ ክፍት ጫፍ ቀስ በቀስ ሲዘጋ ታየ። የዕድሜው ጥቅም ይህ ነው፤ ጫፉ ያልተዘጋ ጥርስ የደም ሥር መልሶ ሊያስገባ ይችላል። ጫፉ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ነርቩ መውጣት፣ ሥሩም መሞላት ነበረበት። የወንድሜ ጥርስ ከውስጥ ራሱን በራሱ እየሞላ ሄደ፤ የነርቩ ቧንቧ ጠበበ፣ ከዚያ በራጅ የማይታይ ሆነ። በዚህ የተነሣ ቀለሙ ከጓደኛው ቢጫ አለ። እናቴ ተጨንቃ ወሰደችው። ሐኪሙ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ «ቢጫው በሕይወት የመቆየቱ ምልክት ነው፤ ግራጫ ሲሆን ነው የምጨነቀው» አላት።

ከእኛ ሁለት በር አልፎ የሚኖር የእኔ እኩያ ልጅም በዚያው ዘመን ትምህርት ቤት ውስጥ ከደረጃ ወድቆ የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር። እዚያ የነበሩ ትልልቅ ሰዎች ደሙን አጠቡለት፤ ጥርሱን በሳሙና ፈግፍገው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልለው ኪሱ ውስጥ ከተቱለትና «ለእናትህ አሳይ» ብለው ላኩት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ያዘኑለትም ይመስለኛል። ሐኪም ዘንድ የደረሰው በማግስቱ ነው። ጥርሱ ተመለሰለት፤ ቆመም። ሽፋኑ ስለሞተ ግን አጥንቱ ሥሩን ጥርስ መሆኑን ሳያውቅ እየበላ በራሱ ይተካው ጀመር። ልጁ ሲያድግ መንጋጋው አብሮ ያድጋል፤ ከአጥንቱ ጋር የተጋጠመው ጥርስ ግን ባለበት ይቀራል። በየዓመቱ ከጎረቤቶቹ እያጠረ፣ ወደ ላይ እየተሰወረ የሄደ ይመስል ነበር። በጉርምስናው ዘመን ተነቀለና የሚወልቅ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተደረገለት። ዛሬም ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። የእሱ ጥርስና የወንድሜ ጥርስ ሲወልቁ ልዩነት አልነበራቸውም። የለያቸው ከወለቁ በኋላ ያለው ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሐኪም በቦታው የለም። ያሉት መምህሩ፣ ዘበኛው፣ እኅት፣ ጎረቤት ናቸው። ዶክተሩ የሚቀበለው እነሱ ያቆዩለትን ነው።

ልጄን ስወልድ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ የልጄ ጉዳት ግን ተቃራኒው ሆኖ መጣ። ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ቡና ተፈልቶ እንግዶች ተቀምጠው እየሮጠች መጥታ በአፏ የረከቦቱ ጠርዝ ላይ ወደቀች። አፏን ስከፍት አንዱ የላይኛው የወተት ጥርሷ ጠፍቷል። መሬቱን ፈተሽን፣ ሣሩን አነሣን፤ የለም። ሐኪሟ ራጅ አንሥታ አሳየችኝ፦ ጥርሱ አልወለቀም፣ ወደ ድዷ ውስጥ ገብቷል። እኔ የጠበቅኩት ይጎትቱታል ብዬ ነበር። «አንነካውም» አለች። የወተት ጥርስ ሲወልቅም አይመለስም፤ ወደ ውስጥ ሲገባም አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ከሥሩ ከኋላ በኩል፣ ገና ለስላሳ ሆኖ የሚሠራው ቋሚ ጥርስ ተቀምጧልና፣ የወተቱን ጥርስ እንመልሳለን ብሎ መግፋት የሚመጣውን መጉዳት ነው። ራጁ ላይ የጥርሱ ጫፍ ወደ ከንፈሯ በኩል እንጂ ወደ ቋሚው ቡቃያ እንዳልዞረ አሳየችኝ። አፏን በንጹሕ ጨርቅ እንድናጸዳላት፣ ጡጦና የእጅ ጣት እንድትተው፣ ድዷ ቢያብጥ ወይም መግል ቢታይ እንድንመጣ ነግራ ሸኘችን። ወራት አለፉና ያ ጥርስ ራሱ ነጭ ጫፉን ከድዷ አሳየ። እንደ ጓደኛው ሆኖ እስኪወርድ ድረስ በየጠዋቱ አፏን ከፍቼ አይ ነበር።

በዚያ አጋጣሚ ሐኪሟ የነገረችኝን አልረሳም። በአገራችን ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው በድዱ ሥር ነጣ ብሎ የሚታየውን የክራንቻ ጥርስ ቡቃያ «ትል ነው፣ መጥፎ ጥርስ ነው» ብለው ሳይበቅል በስለት ያወጡታል። ንጹሕ ባልሆነ ስለት ደም መፍሰሱና መመረዙ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል፤ ተርፎ ባደገው ላይ ደግሞ ከሥሩ ያለው ቋሚ ክራንቻ ተጎድቶ ሊበቅል ይችላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይበቅልም። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችን የመረመሩ ሐኪሞች የወተት ክራንቻቸው የጎደለ ወይም ቅርፁ የተበላሸ ልጆች አይተው ምክንያቱን ሲያፈላልጉ የደረሱት እዚህ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ጽፈውታል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ልጁን ሊያድን ነው። ለዚህ ነው የሚያሳዝነኝ፤ ፍቅሩ አለ፣ እጁን የሚመራው እውቀት ግን አልደረሰውም።

ወንድሜ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ጥርሱ አለ፤ ቢጫነቱን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚያየው። ፍንጭቱም አለ፣ እናቴ ያሰፋችው ያህል፤ ትልቁ ልጁም ወርሶታል። ልጁ ኳስ ይጫወታል፤ አባቱ የጥርስ መከላከያ ላስቲክ ሳያስነክሰው ሜዳ አያስገባውም። ልጁ ሌሎቹ አያደርጉም እያለ ያማርራል።

ባለፈው ዓመት የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ አነሣሁ። ጊዜ ሰጡኝና መምህራኑ ጠየቁኝ። ቋሚውን ከወተቱ በምን እንለየዋለን አሉ፤ ስድስት ዓመት ካልሞላው የወተት ነው ብላችሁ ያዙ፣ ከዚያ በላይ ከሆነና ሥሩ ረዥም ከሆነ ቋሚ ነው፣ ከተጠራጠራችሁ አትመልሱት፣ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ሐኪም ይለይ አልኳቸው። ተሰብሮ ቁራጩ ቢገኝስ አሉ፤ ቁራጩም ይለጠፋል፣ እሱንም ይዛችሁ ሂዱ። አንድ መምህር እጁን አንሥቶ «ሁዳዴ ከሆነና ወተት ከጠፋስ?» አለ። ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ሳላይን በየመድኃኒት ቤቱ አለ። እሱም ከጠፋ ልጁ ራሱ በኩባያ ምራቁን ይትፋና ጥርሱ እዚያ ውስጥ ይቀመጥ። ጎረቤት ማንኳኳትም አለ።

ርእሰ መምህሯ በነገታው ሁለት ጠርሙስ ሳላይንና ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ አስገዛች፤ ቅዳሜ የሚሠራ የጥርስ ክሊኒክ ስልክ ቁጥርም የሣጥኑ ክዳን ላይ ተለጠፈ። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ ቢሮዋ ውስጥ ተቆልፎ ነበር የሚቀመጠው። ልጆቹ ግን የሚጫወቱት ቢሮው ከተዘጋም በኋላ ነው። አሁን ሜዳው ዳር፣ ዘበኛው ቤት ውስጥ ነው፤ ጥርሱን በነጩ በኩል እንደሚይዝም ዘበኛው ያውቃል።